ዘጠኝ መቶ ዓመት የሞላው አመድ መድፊያ

ጠመንጃው አመድ መድፊያው ሥር ይቀበር ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የመጣውን ጣጣ ሁሉ በባሌ ላይ እንዳላላክክ ብዬ ነው፤ እርግጥ ከፊሉ የእሱ ነው፣ እሱንም ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። ያኔ ወንዶቹ መሣሪያቸውን ጣራ ውስጥ፣ ጎተራ ውስጥ፣ ምሰሶ ሥር ይሸሽጉ ነበር፤ ፈታሾቹም ሲመጡ ቀጥ ብለው ወደ ጣራው፣ ወደ ጎተራውና ወደ ምሰሶው ይሄዱ ነበር። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ጠርጣራ ነኝ። በር ከቀረቀርኩ በኋላ እንኳ ሦስት ጊዜ ካልገፋሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ጤነኛ ሰው እጁን የማያስገባበት ቦታ የቱ ነው እያልኩ ሳስብ ሰነበትኩና አመድ መድፊያችንን መረጥኩ። የተሳሳትኩት ጤነኛ ሰው ብዬ ማሰቤ ላይ ነው። የተማረ ሰው የሚባል እንዳለ ረሳሁ።

ጠመንጃው የባሌ አባት ውጅግራ ነበር። ጣሊያን ከተማውን በያዘ ሰሞን መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ፣ ደብቆ የተገኘ ይሰቀላል ተባለ። ያሉትን እንደሚያደርጉ ባሌ በዓይኑ አይቶ መጥቶ ነግሮናል። ባሌ ለገሃር ዕቃ አውራጅ ነበር፤ ከባቡር ላይ ጆንያ ከማውረድ በቀር በማንም ላይ ክንዱን አንስቶ አያውቅም፣ ጥይት መተኮሱንም እጠራጠራለሁ። ግን የአባቴን መሣሪያ ለጣሊያን አላስረክብም አለ።

"ይሰቅሉሃል እኮ!" ስለው፣

"ይስቀሉኛ!" ይላል።

ወንድ እንዲህ ብሎ ሲናገር ደስ ይለዋል። እሱ ከተሰቀለ በኋላ ጡት ያልጣለች ልጁንና እናቱን ማን እንደሚያበላ ግን አልነገረኝም።

በመስከረም፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወርዶ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱ ሲከተት ባሌ አካፋውን ይዞ ወጣ። እኔ በር ላይ ቆሜ መንገዱን ጠበቅሁ። ሲመለስ ከፀጉሩ እስከ እግሩ አመድና ጭቃ ሆኗል።

"ምን ያህል አወረድከው?" አልኩት።

"እስከ ወገቤ።"

"በእውነት?"

"አንቺ ደግሞ! ወገቤን አታውቂውም?"

አወቅሁት ብዬ ተኛሁ። ያን ሌሊት በሩን የገፋሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ቤታችን ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ላይ፣ ዛሬ ካዛንቺስ በሚሉት በኩል ነበር። ያኔ ስሙ ገና አልመጣም፤ ስሙ የመጣው ለጣሊያን ሹማምንት ከተሠሩት ቤቶች ጋር ነው። ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ለእነዚያ ቤቶች የሚሆን መንገድ እየጠረቡ መጡና የግቢያችንን ጥግ እንደ ዳቦ ቆረጡት። በተቆረጠው በኩል የአመድ መድፊያችን ሆድ ታየ፤ ግራጫ አመድ፣ ቀይ አፈር፣ እንደገና አመድ፣ እንደገና አፈር፣ በመሐል የሸክላ ስባሪ። እኔ ያፈርኩት ጓዳዬ መንገድ ላይ የተገለጠ መስሎኝ ነው።

በማግስቱ አንድ ቀጭን ጣሊያን መጣ። ጉልበቱ የሚታይ ቁምጣ ለብሷል፣ ነጭ ባርኔጣ አድርጓል፣ በእጁ የቀለም ቀቢ ብሩሽ የሚመስል ነገር ይዟል። ከኋላው አስተርጓሚው አለ፤ ከሰሜን የመጣ፣ ኮቱ የሰፋው፣ ገና ወጣት የሆነ የክርስቲያን ልጅ። ጣሊያኑ የተቆረጠውን መሬት ሲያይ በጉልበቱ ተንበረከከ። ሰው ታቦት ሲያይ ብቻ ይመስለኝ ነበር እንደዚያ የሚንበረከከው።

"እህቴ፣" አለኝ አስተርጓሚው፣ "ፕሮፌሶሬው ግቢሽ ውስጥ ጥንታዊ ከተማ አለ ይላል።"

"የት?"

"እዚያ።"

"እሱማ አመድ መድፊያችን ነው።"

ተረጎመለት። ፕሮፌሶሬው በጣም አዘነልኝ፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ብዙ ተናገረ።

"ሰው በታላቅ ከተማ ላይ ቤት ሠርቶ ሳያውቀው ይኖራል ይላል። ፍል ውኃው እዚህ ቅርብ ነው አይደል? ማለቴ፣ ፍል ውኃ ካለ የጥንት ሰዎች መታጠቢያ ይሠራሉ፣ መታጠቢያ ካለ ከተማ አለ። ሮማውያንም ሳይደርሱበት አልቀሩም ይላል።"

ሮማውያን ገላቸውን ሊታጠቡ እዚህ ድረስ መምጣታቸው አስደነቀኝ። እኛ ፍል ውኃው ሥር ተቀምጠን በወር አንዴ ነው የምንሄደው።

"እንግዲህ ቆፍሮ የከተማውን ዕድሜ ያወጣል" አለ አስተርጓሚው።

"ፈቃደኛ ባልሆንስ?"

"ፈቃድሽን እየጠየቀ አይደለም፣ እህቴ። እያሳወቀሽ ነው።"

ከተቆረጠው ጥግ አጠገብ ድንኳን ተተከለ፣ ቀንም ሌትም የሚጠብቁ ሁለት አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ ቆሙ። ከእንግዲህ አውጥተን ሌላ ቦታ እንቅበረው የሚባል ነገር አለቀ። ባሌ ከሥራ ሲገባ ልጅቷን ታቅፌ በሩ ላይ ጠበቅሁት።

"ያ ነገር በእውነት እስከ ወገብህ ነው?"

ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ጫማውን ሲያወልቅ ዓይኔን የማያየው የዋሸ ጊዜ ነው።

"ዝናብ ነበር እኮ" አለ።

"ስንት ነው?"

"ጉልበቴ... ከጉልበቴ ትንሽ በታች።"

ባሌ ረጅም ሰው ነው፣ ይህ ለጊዜው ያጽናናኝ ነገር ነበር።

ፕሮፌሶሬው እንደ ቀን ሠራተኛ አይቆፍርም። በማንኪያ ይጭራል፣ በብሩሽ ይጠርጋል፣ የጠረገውን በወንፊት ያበጥራል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ይስላል። በሕይወቴ ቆሻሻን እንዲህ በክብር የያዘ ሰው አላየሁም። በመጀመሪያው ቀን ንብርብሩን ከጎን ቆጠረና የከተማውን ዕድሜ አወጣ። እኔና አማቴ አጥሩ ሥር ቆመን ሳለ አስተርጓሚው መጥቶ አስረዳን። የአመዱ ንብርብር ሁሉ ከተማዋ የተቃጠለችበት ጊዜ ነው። በአመዱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ደግሞ ሕዝቡ ተሰዶ ቦታው ባዶ የነበረበት ዘመን ነው፤ እንዲህ ያለ አፈር በነፋስና በጎርፍ ለመከማቸት መቶ ዓመት ይፈጃል። ቀዩ አፈር ዘጠኝ ነው። ስለዚህ ከተማዋ ከተቆረቆረች ዘጠኝ መቶ ዓመት ሆኗታል።

አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ቤቱ ሲሠራ ለግድግዳ ምርጊት የሚሆን ጭቃ የተቆፈረው ከዚያ ጉድጓድ ነው። ቤቱ ሲያልቅ ጉድጓዱ አመድ መድፊያ ሆነ። አመዱን ነፋስ እያነሣ የታጠበ ልብስ ላይ ስለሚበትነው አማቴ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ሳምንት ሲቀረው ቀይ አፈር ያለብሱታል። ቤቱ ከተሠራ ዘጠኝ ክረምት ነው።

"ባንድ ጠዋት ያለበስኩትን አፈር መቶ ዓመት አደረጉት?" አሉ አማቴ። "ለካ ወገቤ እንዲህ የሚቆረጥመኝ ለዚህ ነው።"

"እማማ፣ ቀስ ይበሉ፣ ይሰማሉ።"

"ይስሙኛ! አንተ ልጅ፣ ለጌታህ ንገረው፤ ያ አንገቱ የተቆረጠው እንስራ የእኔ ነው። የሰበረው ልጄ ነው፣ ሠርጉ ሊደርስ ሲል።"

አስተርጓሚው ወደ ፕሮፌሶሬው ዞሮ አጭር ነገር ተናገረ። ፕሮፌሶሬው በደስታ ለአማቴ እጅ ነሣ።

"ምን አልከው?" አልኩት።

"የአገራችን ጥንታዊ ሥራ በጣም ያምራል ይላሉ አልኩት። ማለቴ፣ እኔም ደመወዝ እበላለሁ፣ እህቴ።"

የአማቴ እንስራ ቁጥር ተጻፈበት፣ በጭድ ተጠቅልሎ ሣጥን ገባ። ባሌ ማታ ሲሰማ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ከላይ እያነሣ የሚወርድ ሰው መቼ ጉልበት ላይ እንደሚደርስ ብቻ እያሰላሁ ነበር።

በሁለተኛው ቀን የላዩን አመድና የላዩን ቀይ አፈር አነሣ። ከሥሩ ያለው አመድ ከምድጃ የወጣ አልነበረም። በዚያ በየካቲት ጣሊያኖች ከተማውን ሲያቃጥሉ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ቤት ከነ ልጆቿ ተቃጠለ። ልጆች እንዳይጫወቱበት ብለን እኔና አማቴ አመዱን በቅርጫት እያፈስን አመድ መድፊያችን ላይ ደፋነው፤ ሌላ የምናደርግበት ቦታ አልነበረንም። ከወንፊቱ ላይ የቀለጠ ቁልፍ ወጣ፣ የመቀስ ግማሽ ወጣ። ፕሮፌሶሬው አገላብጦ አየና ጣለው።

"ምን አለ?" አልኩ።

አስተርጓሚው መሬት መሬት እያየ፣ "አዲስ ነው አለ። ለሳይንስ አይጠቅምም" አለኝ።

ከተማዋ ዘጠኝ ጊዜ መቃጠሏን ያወቀ ሰው አንዱን ብቻ አላወቀውም። እሱንም ሊነግረው የሚችል ሰው በዙሪያው ሞልቶ ነበር፣ አስካሪዎቹን ጨምሮ። ሲሄዱ መቀሱን አንሥቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

በሦስተኛው ቀን፣ ለምሳ ጥቂት ሲቀረው፣ ፕሮፌሶሬው "ፌርሚ!" ብሎ ጮኸ፤ ቁሙ ማለት ነው። ሁሉም ቆመ። እኔም ከጓዳ በር ላይ፣ ምንም ሳይመለከተኝ፣ ቆምኩ። ያ አመድ ከተነሣ በኋላ የሚቀጥለው ቀይ አፈር እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይታያል። በምንጣፉ መሐል ግን ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ አመድና አፈር የተደባለቀበት፣ ረጅምና ጠባብ ቅርጽ አለ። ባሌ በዝናብ ውስጥ ሲቆፍር ማን እንዳየው ተጨንቄ ነበር። መሬቱ ራሱ ይዞት ኖሯል። የአመድ መድፊያን ከከተማ መለየት ያቃተው ሰው የባሌን አካፋ ግን አንድም ሳይሳሳት አገኘው።

"ሰው ቆፍሮበታል ይላል" አለ አስተርጓሚው። "መቃብር ነው። ምናልባት የንጉሥ። ከምሳ በኋላ ይከፍተዋል።"

ነፍሳችንን ያተረፈው የጣሊያን እንቅልፍ ነው። ፕሮፌሶሬው በየቀኑ ምሳውን በልቶ ድንኳኑ ውስጥ ይተኛል፤ ዓለም ብትገለበጥ አይነሣም። ጓዳ ገብቼ ለአማቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ጠመንጃው የት እንዳለ አያውቁም ነበር፤ ለጥንቃቄ ብዬ ደብቄያቸው ነው።

"ልጄን ሊሰቅሉት ነው" አሉ።

"መቃብር ነው ብሏል። መቃብር ይሁንለት።"

"የማን መቃብር?"

"የልጅ።"

ገባቸው። ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም፤ ብዙ እናት ግቢዋ ጥግ ላይ ትቀብራለች፣ ለቅሶም አይቀመጡለትም፣ ስሙም የለም። ስለዚህ ጎረቤት ባያውቅ አያስገርምም። አማቴ ግን እጄን ያዙኝ።

"ምላስሽን ሰብስቢ! እንዲህ ያለ ነገር በአፍ አይጠራም። ያቺ እዚያ ተቀምጣለች።"

ልጄ ደጃፉ ላይ የፕሮፌሶሬውን አፈር በቆርቆሮ ትሰፍር ነበር። እኔ ልጄ ሳል ስታስል ሳሉን የምቆጥር ሴት ነኝ። የሞተ ልጅ ያላት ሰው ቤት ገብቼ ከወጣሁ ሳላማትብ የራሴን ልጅ አልነካም። አሁን ያላረገዝኩትን ወንድ ልጅ ወልጄ፣ ገድዬ፣ ልቀብር ነው። ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ በእግዚአብሔር ፊት አላደርገውም ነበር።

አስተርጓሚው ከዛፉ ጥላ ሥር ዳቦ ይበላ ነበር።

"ወንድሜ፣ እባክህ ፕሮፌሶሬው ሲነሣ ንገርልኝ። ያ የንጉሥ መቃብር አይደለም። የልጄ ነው።"

ማላመጡን አቆመ። "የምን ልጅ?"

"ወንድ ልጅ። አርባ ቀኑ ሳይሞላ ሞተብኝ። ክርስትና አልተነሣም። ያልተጠመቀ የት እንደሚቀበር አንተም የምታውቀው ነው።"

ተነሥቶ ወደ ቅርጹ ሄደ። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በዓይኑ ለካው፤ ለካና እንደገና ለካው። ተመልሶ መጣ።

"ረዘም ያለ ልጅ ነበር፣ እህቴ?"

"በአባቱ ወጥቶ ነው።"

"ማለቴ... ቀጠንም ያለ ነው።"

"ታሞ ከሳብኝ።"

ለረጅም ጊዜ አየኝ። እኔም አየሁት፤ ዓይኔን ብሰብር አለቀልን። ከዚያ ዳቦውን በወረቀት ጠቀለለና ኪሱ ከተተ። "አባቱ ዕድለኛ ነው" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ፕሮፌሶሬው ሲነሣ አስተርጓሚው ነገረው። የእኔ ንግግር ሁለት ቃል ነበር፣ የእሱ ትርጉም ግን አንድ ጸሎት ያህል ረዘመ፤ በመሐል እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። ፕሮፌሶሬው ባርኔጣውን አወለቀ። "ፖቬሮ ባምቢኖ"፣ ምስኪን ሕፃን ማለቱ ነው፣ አለና አማተበ። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ቀጥሎ የተናገረው ግን አስተርጓሚው ባይነግረኝ የምመርጠው ነው። መቃብሩ አዲስ ስለሆነ ከዘጠኝ መቶ ዓመቱ ከተማ ጋር አይገናኝም፤ አይነካም። ዙሪያው ግን ይቆፈራል።

ቆፈሩ። በሁለት ቀን ውስጥ ጉድጓዱ ወደ ታች ሄደ፣ የእኔ "ልጅ" ያለበት አፈር ብቻ በመሐሉ እንደ መደብ ቆሞ ቀረ። ፕሮፌሶሬው በሜትር ለካው፣ በወረቀቱ ላይ ሣለው፣ ከጎኑም ጻፈበት። ከዚያ በፊት ጠመንጃው ማንም በማያየው መሬት ውስጥ ነበር። አሁን የጣሊያን መንግሥት በሚያስጠብቀው ጉድጓድ መሐል፣ ከፍ ብሎ፣ ከአራቱም ማዕዘን እንዲታይ ተደርጎ ቆሟል። ሁሉ ነገር ለእኔ ጥንቃቄ ሲባል።

ከዚያ ሰማዩ ይጠቁር ጀመር። አንድ ረፋድ ላይ ሽው ያለ ካፊያ መታውና ከመደቡ ጎን አንድ እፍኝ አፈር ተንዶ ወደቀ። በስተውስጥ ጨርቅ ታየ። የጨርቁም ጥለት ታየ። የሠርጌ ነጠላ ነበር።

ያ ነጠላ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ልብስ አጣቢዋን ጠርጥሬ፣ ፊት ነሥቼ፣ አባርሬያት ነበር። ማታ ባሌን ስጠይቀው እንደገና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

"የአባቴ መሣሪያ በጆንያ ይጠቅለል?" አለ።

"በእኔ ነጠላ?"

"አንቺ ደግሞ፣ ሰው ሊሰቀል ነው፣ አንቺ ለነጠላ!"

በማግስቱ አስተርጓሚው ጓዳዬ ድረስ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዛሬ ወይ ነገ ይዘንባል" አለኝ። "ከዘነበ ልጅሽ ከነ ልብሱ ይወጣል። ውሰጂውና ሌላ ቦታ ቅበሪው። ፕሮፌሶሬውን አስፈቅጃለሁ፤ ጨርቁን አይቶ አዝኗል። ሣጥንም ይሰጥሻል።"

ፕሮፌሶሬው በእጁ ያመጣው ሣጥን የእንስራ ስባሪ የሚገባበት፣ ለአርባ ቀን ሕፃን ልክ የሚሆን ትንሽ ሣጥን ነበር። ውጅግራው አይገባበትምና ደንግጬ ጉንጬን እንዳልይዝ አማቴ በክርናቸው ጎሰሙኝ። አስተርጓሚው በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ፕሮፌሶሬው ራሱን ነቀነቀ፤ ቀን ሠራተኞቹ ሄደው ቀይና ነጭ የተቀባው የመለኪያ ዘንግ የመጣበትን ረጅም ሣጥን አመጡ።

"ምን አልከው?" አልኩት።

"በአገራችን ሕፃን ከተቀበረበት አፈር አይለይም፣ አፈሩም ጭምር ይገባል አልኩት። እውነት አይደል?"

"እውነት ነው" አልኩ። ያን ቀን የአገራችን ባህል ስንት ዓይነት እንደሆነ እኔም ተማርኩ።

ወንድ እንዳያይ ተባለና ወንዶቹ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጡ፤ ፕሮፌሶሬው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ አስካሪዎቹም ጭምር። እኔና አማቴ ጉድጓዱ ውስጥ ወረድን። አፈሩን በእጃችን ገፍተን ነጠላውን ከሁለት ጫፍ ያዝንና አነሣን። ስናነሣው አንድ ድንጋይ ነካና ጠመንጃው ካንግ አለ። ያን ድምፅ ለመሸፈን ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ አውጥቼ "ልጄን!" ብዬ ጮህኩ።

"ላልተጠመቀ አይጮህም!" አሉኝ አማቴ በጥርሳቸው መሐል።

"ካልተጮኸ ይሰማል!"

እሳቸውም ተቀበሉኝ። አፈር ጨማምረን ከደንን። አስተርጓሚው ራሱ በምስማር መታው፣ ከዚያ ምንም ሳይጠየቅ ማኅተማቸውን አምጥቶ መክደኛው ላይ አሳረፈበት። ባሌ ያን ቀን ከሥራ ቀርቶ ነበር፤ ሣጥኑን እንደለመደው አንዴ አፈፍ አድርጎ ትከሻው ላይ ወረወረው።

"እንደ ስኳር ጆንያ አትያዘው!" አሉት እናቱ። "ልጅህ ነው!"

አወረደና በሁለት እጁ አቀፈው። ከፊት እሱ፣ ከኋላ እኔ ልጄን አዝዬ፣ አማቴ በጎን፤ በጠራራ ፀሐይ ወደ ቂርቆስ ወረድን። ኬላው ላይ አንድ ጣሊያን ወታደር እጁን አነሣ። ባሌ ቆመ። ከኋላው ስለነበርኩ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ሲረጥብ አየዋለሁ። ወታደሩ ፕሮፌሶሬው የሰጠንን የይለፍ ወረቀት አነበበ፣ ሣጥኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ፣ ባሌን አየ። መክደኛውን በጣቱ አጥንት ኳ ኳ አደረገ። አፈር የሞላው ሣጥን ድምፁ ታፍኖ ወጣ። እጁን ወደ ወገቡ ሰዶ ሳንጃውን ያዘ፤ ሊፈለቅቀው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ማኅተሙን እያየ ነበር። የራሱን መንግሥት ማኅተም የሚሰብር ወታደር የለም፤ እኛን ቢሆን ይሰብረን ነበር። ሳንጃውን ለቀቀና በእጁ ሂዱ አለን።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ እንደዚያ ያሉ ሕፃናት በሚቀበሩበት ሥፍራ፣ ባሌ ቆፈረ። በዚህ ጊዜ ሳልጠይቀው እስከ ወገቡ ወረደ። የንስሐ አባቴ ቅጥሩን ተደግፈው ከሩቅ ያዩን ነበር፤ አልመጡም፣ አልጠየቁም። ከሳምንት በኋላ ባሌ ሲገባ "ተወሰደ" አለኝ። ማን፣ ወዴት፣ አላልኩም። ጠንቃቃ ሰው የማይጠይቀው ነገር አለ። ቄራ በኩል የሚያልፉ ከብት ነጂዎች ሁሉ ከብት ብቻ እንደማይነዱ፣ ለአርበኞችም ዕቃ እንደሚያደርሱ ግን አውቅ ነበር።

ዝናቡ ገባና ጉድጓዱ ኩሬ ሆነ። ፕሮፌሶሬው ሣጥኖቹን ጭኖ ሄደ፤ አስተርጓሚውም አብሮት ሄደ፣ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። የዘጠኝ መቶ ዓመቱን ከተማ ለማየት የመጣ ሌላ ሰው አልነበረም። ክረምቱ ሲወጣ ኩሬውን በድንጋይ ሞሉና የሹማምንት ቤት ሠሩበት፤ እኛንም በሳምንት ውስጥ ልቀቁ ብለው አስወጡን። ሳይንሱም መንገዱም ከአንድ መንግሥት ነው የመጣው፣ ተነጋግረው እንደማያውቁ ግን ያስታውቅ ነበር። የአማቴ እንስራ ሮም ውስጥ መስታወት ቤት ተቀምጦ እንደሆነ እንጃ። እኔን የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ነው። እዚያ ወረቀት ላይ፣ በሜትር የተለካ፣ እንደ ጎረምሳ የረዘመ አንድ የእኔ ሕፃን ልጅ ተሥሎ አለ።

ቄራ ሰፈር በገባን በወሩ ልጄን ትኩሳት ያዛት። ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት አልበላችም። ባሌ ብርድ ነው አለ። እኔ ግን በአፌ የጠራሁት ነገር መንገዱን አግኝቶ መጥቷል አልኩ። በሦስተኛው ቀን ለአማቴ ትቻት እየሮጥኩ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ።

"አባ፣ ያልወለድኩትን ልጅ በአፌ ገደልኩ።"

"የዚያን ቀን ነበርኩ፣ አይቻለሁ" አሉ።

"በእሱ ፈንታ ይህችን እንዳይወስድብኝ ፈራሁ።"

መቋሚያቸውን አሹት። "ሣጥኑ አሁንም እዚያ ነው?"

"የለም፣ አባ።"

"ወዴት ሄደ?"

"አልጠየቅሁም።"

"ደግ አደረግሽ። ለዋሸሽው አርባ ስግደት ስገጂ። ለልጅቷ ጠበል ውሰጂላት።"

"ለቀብሩስ፣ አባ?"

"ለየትኛው ቀብር?" አሉኝ፣ ፊታቸው ላይ አንዳች ሳይታይ።

እዚያው ሰገድኩ። አርባው ሲሞላ ቁጥሩን ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ፈራሁ፤ ሲቆጥሩ የሚሳሳቱ ትልልቅ ሰዎች አይቻለሁና። አርባ ጨመርኩበት። ጠበሉን ይዤ ቤት ስደርስ ልጄ ተቀምጣ ከአያቷ እጅ ቂጣ ትቀማ ነበር። ጉንጯን ዳሰስኩ፣ ግንባሯን ዳሰስኩ፣ ከዚያ ለማንኛውም ብዬ እንደገና ዳሰስኳት።